ክለብ መቀየር መቼ ነውር ነው፣ መቼስ መብት?

ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024/25 የውድድር ዘመን 15ኛ ሆኖ ሲጨርስ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳ ነበር። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቃጠለው? ለምን ሌላ ክለብ አንይዝም? አንዱ ይህን ሲል ሌላው ይቆጣል፤ «ክለቡን የሚቀይር ሰው ነገ ምን የማይቀይረው አለ?» ይባላል። ከዚያ ፉገራው ይደራል፣ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ይቀራል።

እኔ ደግሞ ጥያቄው መልስ የሚገባው ይመስለኛል። ምክንያቱም ክለብ መቀየር ስንል ብዙ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። ሽንፈት ሰልችቶት ወደ አሸናፊው የዞረ አለ። የሚወደውን ተጫዋች ተከትሎ የሄደ አለ። በልጅነቱ የያዘውን ሲያድግ የተወ አለ። ክለቡ ከሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ ከተማ ሲወሰድበት ባዶ እጁን የቀረም አለ። እነዚህን ሁሉ «ማሊያ ቀያሪ» ብሎ በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ስለተሸነፈ ብቻ ክለብ አይቀየርም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ክለቡ ራሱ ትቷችሁ ሲሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ተከትሎ የመሄድ ግዴታ ማንም የለበትም። ለምን እንዲህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ካልኩ የእኛ ነው።)

መጀመሪያ ወደ አሸናፊ መሳብ ምን እንደሆነ እንይ። ሮበርት ቻልዲኒ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1976 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሰኞ ሰኞ ክፍል እየገቡ ተማሪው ምን እንደለበሰ ቆጠሩ። ቅዳሜና እሁድ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ካሸነፈ፣ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስምና አርማ ለብሶ የሚመጣው ይበዛል። ካላሸነፈ ይቀንሳል። ቀጥለው ደግሞ ለተማሪዎች ስልክ እየደወሉ ስለ ቡድኑ ጨዋታዎች ጠየቁ። ስለ ድሉ ሲያወሩ «አሸነፍን» የሚለው በዛ። ስለ ሽንፈቱ ሲያወሩ ግን ያ «እኛ» ማለት ቀነሰ።

ይህ አሜሪካ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የምታዩትን ማሊያ ቁጠሩ። ሰው በሌላ ሰው ድል መሞቅ ይወዳል፣ ሜዳ ላይ ጠብ ያደረገው ላብ ባይኖርም። ስለዚህ አንድ ሰው ማንቸስተር ሲቲ ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ ተከታትሎ ሊጉን ሲበላ አይቶ ልቡ ቢሸፍት አልፈርድበትም። ስሜቱ የሁላችንም ነው። የምከራከረው ስሜቱን ተከትሎ ስለሚወሰደው እርምጃ ነው።

ሲቲን ካነሳን አይቀር፣ የዚህ ክርክር ትልቁ ማስረጃ ያለው እዚያው ሲቲ ቤት ነው። ዛሬ ሲቲን የአሸናፊዎች መጠለያ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። በ1998/99 ግን ማንቸስተር ሲቲ ሦስተኛ እርከን ላይ ነበር፤ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ። በዚያው ዓመት የከተማው ሌላኛው ክለብ ዩናይትድ ሦስት ዋንጫ ጠራርጎ ወሰደ። አስቡት እንግዲህ፣ ጎረቤትህ በአውሮፓ ዋንጫ ይጨፍራል፣ የአንተ ቡድን ስሙን እንኳ ሰምተህ ከማታውቀው ክለብ ጋር ይታገላል። ሆኖም በዚያ ዓመት የሲቲ የሜዳ ጨዋታዎች በአማካይ ወደ 28 ሺህ ሰው ይመለከታቸው ነበር።

ዩናይትድ የአውሮፓ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 30 ቀን 1999፣ ሲቲ ወደ ሁለተኛው እርከን ለማደግ ዌምብሌይ ላይ ከጂሊንግሃም ጋር ተጫወተ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል 2 ለ 0 እየተመራ ነበር። ኬቨን ሆርሎክ በ90ኛው ደቂቃ አንዷን መለሰ፣ ፖል ዲኮቭ በጭማሪው ደቂቃ ሁለተኛዋን አገባ፣ ከዚያ ሲቲ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ አደገ። የአቡዳቢ ገንዘብ የመጣው በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዋንጫ ሁሉ በ1999 ሲያለቅስ የነበረው ሰው ሲያየው የሚሰማው ነገር፣ በ2019 ክለቡን የያዘ ሰው ከሚሰማው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ያጨበጭባሉ፣ አንደኛው ግን ከጀርባው አሥር ዓመት አለው።

ለሽንፈት ብሎ መቀየርን የምቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው። እቁብ ውስጥ ዕጣው ቀድሞ ደርሶት ብሩን በልቶ የሚጠፋ ሰው ታውቃላችሁ። የሠራው ጥፋት መውጣቱ አይደለም፤ ሌሎቹ የከፈሉትን በልቶ የእሱ ተራ ሲደርስ አለመክፈሉ ነው። አንድ ሰው በዩናይትዱ አሠልጣኝ በፈርጉሰን ዘመን ለአሥራ ምናምን ዓመት ሲፎልል ቆይቶ ክፉ ቀን ሲመጣ ሌላ ማሊያ ካጠለቀ እንደዚያ ነው የሚሆነው። የፎከረባቸው የአርሰናል፣ የሊቨርፑልና የቼልሲ ጓደኞቹ በተራቸው ሊፎክሩበት መብት ነበራቸው። ተቀምጦ መስማት አለበት።

አርሰናልን ተመልከቱ። ከ2005ቱ ኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) በኋላ እስከ 2014 ድረስ ዋንጫ የሚባል አልነካም። በእነዚያ ዓመታት አገራችን ውስጥ የአርሰናል ደጋፊ ያልሰማው ቀልድ የለም። እነዚያ ሰዎች ግን አልሄዱም። አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ልጆቻቸውንም ይዘው። ይህን ጽናት እኔ ከልብ አከብራለሁ፣ የአርሰናል ደጋፊ መሆን አይጠበቅብኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንሂድ፣ ክለቡ ራሱ ወደሚሄድበት።

ዊምብልደን በደቡብ ምዕራብ ለንደን በ1889 የተመሠረተ የሰፈር ክለብ ነበር። ብዙ ዘመኑን በትናንሽ ሊጎች አሳልፎ በ1977 ወደ ዋናው የሊግ ሥርዓት ገባ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደግሞ የዚያን ዘመን ከፍተኛ ሊግ አንደኛ ዲቪዚዮን ደረሰ። በ1988 ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ የዚያን ዘመን ኃያል ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ረታ። ጎሏን ሎሪ ሳንቼዝ አገባ፣ በረኛው ዴቭ ቢዛንት የጆን አልድሪጅን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ሲወራ ይህች ጨዋታ ሳትነሳ አታልፍም።

በ1991 ክለቡ ፕላው ሌን የሚባለውን የቆየ ሜዳውን ትቶ የክሪስታል ፓላስን ሜዳ በደባልነት መጠቀም ጀመረ። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ባለቤቶቹ ተቀየሩ፣ በ2000 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ከዚያ አስተዳደሩ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ክለቡን ከለንደን አንስቶ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሚልተን ኪንስ መውሰድ። ሚልተን ኪንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዕቅድ የተቆረቆረ አዲስ ከተማ ነው፣ ትልቅ ክለብ አልነበረውም። ለነጋዴ ሐሳቡ ብልህ ይመስላል። ከታች ተነስቶ ክለብ ከማሳደግ ያደገውን ክለብ ማምጣት ይቀላል።

ደጋፊው ጮኸ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ጨዋታ አልገባም አለ። ጉዳዩ በመጨረሻ እግር ኳስ ማኅበሩ ለሰየመው ሦስት አባላት ላሉት ኮሚሽን ቀረበ። ግንቦት 28 ቀን 2002 ኮሚሽኑ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ክለቡን ለንደን ውስጥ እንደ አዲስ ማቋቋም ለእግር ኳሱ ሰፊ ጥቅም አይበጅም የሚል ነገርም በውሳኔው ውስጥ ተጽፎ ነበር። ያችን አባባል የዊምብልደን ደጋፊዎች እስከ ዛሬ አልረሷትም።

እንግዲህ ራሳችሁን በእነሱ ቦታ አድርጉ። ክለቡ በወረቀት ላይ አለ። ተጫዋቾቹ አሉ፣ የሊግ ቦታው አለ። ግን ሰፈሩ የለም፣ ወደ ሜዳ አብራችሁት የምትሄዱት ሰው የለም። ታማኝነት የሚባለው ወደ የትኛው አቅጣጫ ነው የሚጠቁመው? አንዳንድ ሰው «ክለብህን መከተል አለብህ» ሊል ይችላል። እኔ ግን የሚከተሉት ምን እንደሆነ አይታየኝም፤ የንግድ ፈቃድ ካልሆነ በቀር።

ደጋፊዎቹ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ክለብ መሠረቱ፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደን። ሰኔ 29 ቀን ዊምብልደን ኮመን በሚባለው ሰፊ መስክ ላይ ተጫዋች ለመምረጥ ክፍት ሙከራ ጠሩ፣ ወደ 230 ሰው መጣ። የመጀመሪያውን የወዳጅነት ጨዋታ ከሰተን ዩናይትድ ጋር አድርገው 4 ለ 0 ተሸነፉ። ተመልካቹ ግን 4,657 ነበር። ውድድር የጀመሩት ዘጠነኛ እርከን ላይ ነው፣ ማለትም የሠፈር ቡድን ደረጃ ማለት ይቻላል። ከየካቲት 2003 እስከ ታኅሣሥ 2004 ድረስ 78 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ተጓዙ። በ2011 ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ ተመለሱ። በ2020 ደግሞ፣ የድሮው ሜዳ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ፕላው ሌን ላይ አዲስ ስታዲየም ገነቡ፤ ገንዘብ ሲጎድል ደጋፊው በቦንድ መልክ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አዋጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ በኮሮና ምክንያት ያለ ተመልካች ነበር የተደረገው፣ ይህ ያሳዝነኛል።

እነዚህ ሰዎች ክለብ ቀየሩ? በመዝገብ ደረጃ አዎ፣ ከአንድ የተመዘገበ ክለብ ወደ ሌላ ዘለሉ። በተግባር ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ክለቡ ነው ጥሏቸው የሄደው። ሌላው ዓለምም ይህን ቀስ ብሎ ተቀብሏል፤ ወደ ሚልተን ኪንስ ሄዶ ኤምኬ ዶንስ የተባለው ክለብ በ2007 የ1988ቱን ዋንጫና የድሮውን ክብር ዊምብልደን ለሚገኝበት ለመርተን አውራጃ አስረከበ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ2004 ሚልተን ኪንስ ውስጥ የተወለደ ልጅ አሁን አዋቂ ሆኗል። አባቱ እጁን ይዞ ወስዶት ያሳየው ክለብ ኤምኬ ዶንስ ነው። የተሠራውን በደል እሱ አልሠራውም። እሱን «ክለብህ የተሰረቀ ነውና ቀይር» ማለት ደግሞ ሌላ በደል ይሆናል። የክለቡ አመሠራረት ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የልጁ ፍቅር ግን ስህተት የለበትም።

የኦስትሪያው ሳልዝቡርግ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እዚያ ክለቡ ከተማ አልቀየረም። በ1933 የተመሠረተው ኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ሐምራዊና ነጭ የሚለብስ ክለብ ነበር። በ2005 የኃይል መጠጥ ኩባንያው ሬድ ቡል ገዛው፣ ስሙን ቀየረ፣ ማሊያውን ቀይና ነጭ አደረገው፣ ታሪኩ እንደ አዲስ ይጀምራል አለ። ደጋፊው ቢያንስ ሐምራዊውን ተዉልን ሲል በረኛው ላይ ትንሽ ሐምራዊ እናስቀምጥላችኋለን ዓይነት መልስ ተሰጠው። ስለዚህ የተወሰኑት ወጥተው የድሮውን ስምና ቀለም ይዘው ክለቡን እንደገና አቋቋሙ፣ በ2006 ሰባተኛ እርከን ላይ ጀመሩ። ብዙው የከተማው ሰው ደግሞ ከሬድ ቡል ጋር ቀረ፣ ዋንጫም በላይ በላዩ አየ። እኔ ብሆን ከወጡት ጋር የምሄድ ይመስለኛል። የቀረውንም ግን አልወቅስም፤ ሜዳው የሰፈሩ ነው፣ ጎረቤቱም እዚያው ነው።

ካርዲፍ ሲቲ ደግሞ ሰማያዊ ለባሽ ነበር፣ ቅጽል ስሙም «ሰማያዊዎቹ ወፎች» ነው። በ2012 ማሌዢያዊው ባለቤት ቪንሰንት ታን ማሊያውን ቀይ አደረገው። በማግስቱ ዓመት ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ማለትም ደጋፊው ለዘመናት የናፈቀውን ድል በማይፈልገው ቀለም አገኘ። ብዙዎቹ ሳይወጡ፣ ሰማያዊ እየለበሱ ስታዲየም እየገቡ ታገሉ፣ በጥር 2015 ሰማያዊው ተመለሰ። ይህን የማነሳው መውጣት ሁልጊዜ የመጀመሪያው አማራጭ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የሚከብደኝ የማንቸስተር ዩናይትድ ጉዳይ ነው። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ሲገዛ ትልቅ ክፍሉን በብድር ነው የገዛው፣ ዕዳውንም ክለቡ ላይ ጫነው። ዕዳ ያልነበረበት ክለብ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸከመ። የተቆጡ ደጋፊዎች ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል ክለብ መሠረቱ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ያለው። አሥረኛ እርከን ላይ ጀመረ፣ በ2015 የራሱን ሜዳ ከፈተ። እዚህ ግን ከተማው ያው ነው፣ ቀለሙም ስሙም ያው፣ ኦልድ ትራፎርድም ቆሟል። የተቀየረው ባለቤቱ ብቻ ነው። መውጣት ይገባ ነበር ወይ? እኔ እዚህ ላይ ፍርዱን ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና እተዋለሁ። ለልጁ የትምህርት ቤት ከሚከፍለው ላይ ቀንሶ ትኬት ይገዛ የነበረ ሰው፣ ያ ገንዘብ የሰው ዕዳ ወለድ እንደሚከፍል ሲያውቅ እምቢ ቢል ከክህደት አልቆጥርበትም።

እዚህ ጋር የማይቀየር ደጋፊ የማን ጥቅም እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሱቅ ዋጋ ቢያንር ወይም ዕቃው ቢበላሽ ማዶ ካለው እንገዛለን። ባለ ሱቁ ይህን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። የእግር ኳስ ክለብ ባለቤት ግን ደንበኛው የትም እንደማይሄድ ያውቃል። ትኬት ይወደድ፣ ማሊያ በየዓመቱ ይቀየር፣ ተጫዋች ይሸጥ፣ ሰውየው ይመጣል። የደጋፊ ታማኝነት ትልቅ ነገር ነው፣ ባለቤቱ ግን ወደ ገንዘብ ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ አልቀይርም ያለ ሰው ዝም ማለት የለበትም። የማይሄድ ደጋፊ ያለው ጉልበት ድምፁ ነው።

ድምፅ ደግሞ ይሠራል። በየካቲት 2016 ሊቨርፑል አንዳንድ ትኬቶችን 77 ፓውንድ ሊያደርስ ሲል ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ተነስቶ ወጣ። ያኔ ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፣ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። በቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ሐሳባቸውን ሰረዙ። በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ትልልቅ የአውሮፓ ክለቦች ለራሳቸው የሚሆን ሱፐር ሊግ እንመሠርታለን ሲሉ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በደጋፊ ተቃውሞ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ኋላ አሉ። ጀርመን ውስጥ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደጋፊዎች የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታ ሲያቋርጡ ሰንብተው ሊጉ ከውጭ ባለሀብት ጋር የጀመረውን ድርድር አስቆሙ። እዚያ ደንቡም ያግዛቸዋል፤ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር የድምፁ አብላጫ በአባላት እጅ መቆየት አለበት። እንግሊዝም በ2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አጽድቃ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች። የዊምብልደን ደጋፊዎች በ2002 እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖራቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

እሺ፣ እኛስ? አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ የለንደንን ክለብ የሚደግፍ ሰው ሰፈሩ አልተወሰደበትም፣ መጀመሪያም አልነበረውም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ምክንያት የእኛን ደጋፊነት ጨዋታ አድርጎ ያየዋል፣ «ምን አገባህ» ይላል። አልስማማም። የእኛ ትስስር ከለንደን ጋር ሳይሆን አብረውን ካዩት ሰዎች ጋር ነው። በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ መብራት ሲጠፋ አብረን ተቃጥለን፣ ጎል ሲገባ የማናውቀውን ሰው አቅፈን። ታላቅ ወንድም ያስያዘን ክለብ አለ። ያንን ማንም ባለሀብት ሊገዛው አይችልም። ክለቡን በሽንፈት ምክንያት ስትለቁ የምትለቁት እሱን ነው፣ ስለዚህም ነው ጓደኞቻችሁ የሚናደዱት።

ተጫዋች ስለሚከተሉት ልጆች ደግሞ ብዙ ይወራል። ሜሲ በ2021 ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ፣ በ2023 ወደ ማያሚ ሲሄድ አብሮ የሄደ ወጣት ብዙ ነው። ሮናልዶ አል ናስር ሲገባ የሳዑዲ ሊግን ማየት የጀመረም አለ። ይህን ክለብ መቀየር አልለውም። የሚደግፉት ሰውየውን ነው፣ ለእሱም ታማኝ ናቸው። የሚያስቸግረው ሁለቱን ሲያደባልቁት ነው፤ ሜሲ እያለ «ባርሳ ደሜ ነው» ብሎ ምሎ፣ ሜሲ ሲሄድ ባርሳ የጠፋበት ሰው ከመጀመሪያው የሜሲ ነኝ ቢል ይሻለው ነበር።

ቦታ ሲቀየርስ? በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ቡድኖቹ የሚመጡት ከየከተማው ነው። ዋሽንግተን ይኖር የነበረ ሰው ለሥራ ዳላስ ቢዛወርና ከዳላስ ልጆች ጋር ቢቆም ማንም አይቆጣውም። ቡድኑ ጎረቤቶቹ ናቸውና። ይህን ስናይ ቀላል ይመስለናል፣ ግን የዊምብልደንን ጉዳይ የሚፈታውም ይኸው ነው።

የአገራችን ክለቦች ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። በጀቱ ሲቋረጥ ወይም አለቃ ሲቀየር ክለቡ ይንገዳገዳል። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የቆየው፣ ኢትዮጵያ ቡናም ስታዲየም የሚሞላ ሕዝብ ያለው፣ ከበጀት በላይ የሆነ ነገር ስላላቸው ነው። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከጊዮርጊስ ጋር የሚጫወትበት የሸገር ደርቢ ቀን ግን የቡና ደጋፊ ዋንጫ ቆጥሮ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተቀናቃኙ ብዙ ዋንጫ አለው ብሎ ማሊያ የለወጠስ?

ከዚህም የከበደ አለ። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ውጭ ሆኑ። መቐለ በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። ደጋፊው ለዓመታት ክለቡ የሌለበትን ሊግ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፣ ያውም ብዙ ነገር ባጣበት ጊዜ። ክለቦቹ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ተመለሱ። በዚያ መሀል ያለ ሰው ሌላ ክለብ ቢመለከት፣ ወይም ኳስ የሚባል ነገር ጨርሶ ቢተው፣ ማን ደፍሮ ታማኝ አልነበርክም ሊለው ይችላል?

ብዙ ጊዜ «ልቀይር ነው» የሚል ሰው የሚያስፈልገው መቀየር ሳይሆን ማረፍ ነው። ያዘነ ሰው ለአንድ ወቅት ጨዋታ ባያይ ክለቡን አልካደም። ከደከማችሁ ቅዳሜውን ለቤተሰብ ስጡት። በተለይ ውርርድ የገባበት ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ ገንዘቡን ያስበላው ቡድን ላይ የሚቆጣው ቁጣ ብዙ ጊዜ የኳስ ቁጣ አይደለም፣ ክለብ ቢቀይርም አይበርድለትም።

ሌላው አማራጭ መጨመር ነው። አርሰናል ሆኖ ሐዋሳ ከተማን፣ ዩናይትድ ሆኖ ፋሲል ከነማን መያዝ ይቻላል። እንዲያውም አጥብቄ እመክራለሁ። በአካል ሄዳችሁ የምትጮሁለት፣ አመራሩ ሲያጠፋ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ክለብ ሲኖራችሁ፣ የሩቁ ሽንፈትም እንደዚያ አያቃጥልም።

በመጨረሻ ልጆች። አባቱ አርሰናል የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ቶተንሃም ልሁን ቢል ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ ወደ ልቅሶ ይደርሳል። ተዉት ይምረጥ። በዚያ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ቢቀይርም ምንም አይደለም፣ ገና እየፈለገ ነው። ቃል የሚገባው ሰው ምን እንደገባ ሲያውቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ሽንፈት በኋላ ነው የሚታወቀው። ማሊያ ከፈለገ ግዙለት፣ ጨዋታውንም አብራችሁት እዩ፤ የሰሜን ለንደን ደርቢ ቀን ግን ሶፋው ለሁለት መከፈሉ አይቀርም።